የክትባት ካርዱ ስለ ልጆቻችን ጆሮም ይጠይቅ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በአዲስ አበባ በአንድ ጤና ጣቢያ የእናቶችና ሕፃናት ክፍል ለረጅም ዓመታት ያገለገልሁ ነርስ ነኝ። ስለ ሕፃናት አመጋገብና ስለ ክትባት የምታወጧቸውን ጽሑፎች እከታተላለሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ክብደትና ክትባት የሚሰጣቸውን ያህል ትኩረት ስላላገኘ ጉዳይ፣ ማለትም ስለ ሕፃናት የመስማትና የንግግር እድገት ክትትል ነው። አራትና አምስት ዓመት የሞላቸው ልጆች «አፍ አልፈቱም» ተብለው ወደ ጤና ተቋም ሲመጡ፣ ወላጆች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት ስለ ምላሳቸው እንጂ ስለ ጆሯቸው አይደለም። ከእነዚህ ልጆች መካከል አንዳንዶቹ ተመርምረው ጨርሶ እንደማይሰሙ ወይም በከፊል ብቻ እንደሚሰሙ ሲታወቅ፣ ቋንቋን ለመልመድ ከሁሉ የሚመቸው ዕድሜ አልፏል። የሚያሳዝነው፣ ልጁ ክትባቱን በሥርዓት የጨረሰ ከሆነ፣ ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላው ስድስት ጊዜ ያህል በጤና ባለሙያ ፊት ቀርቦ ነበር። ተመዝኗል፣ ተከትቧል፣ ካርዱ ላይ ተጽፎለታል፤ ይሰማ እንደሆነ ግን እናቱን የጠየቃት አልነበረም።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። በእያንዳንዱ የክትባት ቀጠሮ ስለ ልጁ መስማትና ንግግር ሁለት ወይም ሦስት አጫጭር ጥያቄዎች ይጠየቁ፤ መልሱም ከክብደቱ ጎን በካርዱ ላይ ይጻፍ።

የጊዜውን ነገር አጥብቄ የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ሕፃን መስማት የሚጀምረው ገና በእናቱ ማሕፀን ሳለ፣ ከስድስተኛው የእርግዝና ወር ገደማ አንሥቶ ነው፤ በተወለደ በጥቂት ቀናት ውስጥ የእናቱን ድምፅ ከሌላ ሴት ድምፅ ይለያል። ከዚያ በኋላ ባሉት ሦስት ዓመታት አእምሮው በሚሰማው ቋንቋ እየተቀረጸ ይሄዳል፤ ድምፅ የማይደርሰው ከሆነና በምልክት ቋንቋም የሚያናግረው ከሌለ፣ ያ ወቅት ባዶውን ያልፋል። የአሜሪካ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጡት ጥናት፣ ስድስት ወር ሳይሞላቸው ችግራቸው የታወቀላቸውና ወዲያው ድጋፍ የተጀመረላቸው ሕፃናት፣ ዘግይቶ ከታወቀላቸው ልጆች ይልቅ በቋንቋ ችሎታቸው በግልጽ ልቀው ተገኝተዋል። በዚህና በመሳሰሉት ማስረጃዎች መሠረት ዛሬ በብዙ አገሮች የሚሠራበት መለኪያ፣ ማንኛውም ሕፃን አንድ ወር ሳይሞላው የመስማት ልየታ (የመጀመሪያ ፍተሻ) እንዲደረግለት፣ ጥርጣሬ ካለ ሦስት ወር ሳይሞላው ምርመራው እንዲጠናቀቅ፣ ችግሩ ከተረጋገጠም ስድስት ወር ሳይሞላው ድጋፍ እንዲጀመርለት የሚያዝዝ ነው። አሜሪካ ራሷ ሁሉንም አራስ መመርመር ከመጀመሯ በፊት፣ መስማት የተሳነው ልጅ ችግሩ የሚታወቅለት በአማካይ በሁለት ዓመት ተኩልና በሦስት ዓመት መካከል ነበር። ሀብታም በሆነ አገር እንኳ ጉዳዩ በወላጅ ዓይን ብቻ ሲተው ያን ያህል ይዘገይ ከነበረ፣ የእኛ መዘግየት ሊያስገርም አይገባም።

ወላጅ የሚዘገየው ልጁን ችላ ስላለ አይደለም። መስማት የማይችል ሕፃን እንደማንኛውም ሕፃን ያለቅሳል፣ ይስቃል፤ በመጀመሪያዎቹ ወራትም እንደ እኩዮቹ «አኡ፣ እግ» እያለ ድምፅ ያሰማል። በዚህ ጊዜ በሚያሰማው ድምፅ ብቻ ከሚሰማው ሕፃን መለየት ያስቸግራል። ልዩነቱ የሚወጣው ከስድስት ወር በኋላ ነው፤ የሚሰማው ሕፃን «ባባባ፣ ማማማ» እያለ ቃል የሚመስል ድምፅ መደጋገም ሲጀምር፣ የማይሰማው ግን እዚያ ደረጃ ላይ ሳይደርስ ይዘገያል፤ አንዳንዱም ጭራሹን ድምፁ እየቀነሰ ይሄዳል። ቤተሰቡ ይህን «ጭምት ልጅ ነው» ብሎ ይተረጉመዋል። ከዚያም ሌላ ዓይኑ ንቁ ስለሆነ፣ የበሩ ጥላ ሲያልፍ ዞሮ ያያል፤ ሰው ሲራመድ የወለሉን ንዝረት ያውቃል፤ እናቱ ጡቷን ስታወጣ ይፈነድቃል። ይህን ሁሉ የሚያዩ ወላጆች ልጃችን አይሰማም ብለው ሊያስቡ እንዴት ይችላሉ? በከፊል የሚሰማው ልጅ ደግሞ የባሰ ያሳስታል። በር ሲገጭ ይደነግጣል፣ የመኪና ጡሩንባ ይሰማል፤ ነገር ግን እንደ «ሰ»፣ «ሸ» እና «ፈ» ያሉት ቀጫጭን ድምፆች አይደርሱትም፤ ስለዚህ ንግግር የሚደርሰው ተሸራርፎ ነው። እንዲህ ያለው ልጅ አድጎ ትምህርት ቤት ሲገባ «አያዳምጥም፣ እልኸኛ ነው» እየተባለ ይቀጣል።

በዚህ ላይ የሚጨመሩ፣ ከደግ ልብ የሚመነጩ ግን የሚያዘገዩ አባባሎች አሉ። «ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው» የሚለው አንዱ ነው። ወንዶች ልጆች ከሴቶች በጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት ሊዘገዩ እንደሚችሉ እውነት ነው፤ ሁለት ዓመት ሞልቶት አንድም ቃል የማይናገርን ልጅ ዝም ብሎ ለመጠበቅ ግን ምክንያት ሊሆን አይችልም። «አባቱም እንዲሁ ነበር» የሚለው ሁለተኛው ነው። ሦስተኛው «በዘራችን መስማት የተሳነው የለም» የሚለው ሲሆን፣ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። መስማት ከተሳናቸው ልጆች ከአሥሩ ዘጠኙ የሚወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ነው፤ በዘር የሚተላለፈው ዓይነት እንኳ እናትና አባት ራሳቸው እየሰሙ ለልጃቸው ሊያስተላልፉት የሚችሉት ነው። «ምላሱ ታስሯል» ብለው ልጁን ለማስቆረጥ የሚወስዱትም ብዙ ናቸው። የምላስ ሥር መያያዝ ጡት ለመጥባት ሊያስቸግር፣ አንዳንድ ድምፆችንም ሊያኮላትፍ ይችል ይሆናል፤ ልጁ የሚባለውን እንዳይገባው ወይም ፈጽሞ ቃል እንዳያወጣ ግን አያደርግም። ልጃቸውን ጠበል የሚወስዱ ወላጆችን አልከለክልም፤ እምነታቸውን አከብራለሁ። የምለምናቸው በዚያው ሳምንት ጆሮውንም እንዲያስመረምሩ ነው።

አሁን ወደ ቀጠሮዎቹ ልመለስ። በአገራችን የክትባት መርሐ ግብር ሕፃኑ እንደተወለደ፣ ከዚያም በስድስተኛው፣ በአሥረኛውና በአሥራ አራተኛው ሳምንት፣ ቀጥሎም በዘጠነኛው ወርና በአሥራ አምስተኛው ወር ይከተባል። እነዚህ ቀጠሮዎች የመስማትና የንግግር እድገት ዋና ዋና ደረጃዎች ከሚታዩባቸው ዕድሜዎች ጋር እጅግ ይቀራረባሉ።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ለእናት የሚቀርበው ጥያቄ ቀላል ነው፤ ድንገተኛ ድምፅ ሲሰማ ይደነግጣል? ሲያለቅስ ፊትሽን ሳያይ በድምፅሽ ብቻ ዝም ይላል? በአሥራ አራተኛው ሳምንት ደግሞ ሲያጫውቱት መልሶ ድምፅ ያሰማ እንደሆነ መጠየቅ ይቻላል። ነገር ግን ከሁሉ ቀጠሮ የዘጠኝ ወሩ፣ የኩፍኝ ክትባት የሚሰጥበት ቀን፣ እንደ ወርቅ ሊያዝ ይገባዋል እላለሁ፤ የሚሰማውና የማይሰማው ሕፃን በድምፃቸው የሚለያዩት በዚህ ዕድሜ ነውና። በዚያን ቀን ልጁ ከኋላው በስሙ ሲጠራ ዞሮ ማየት፣ ድምፅ ወደ መጣበት አቅጣጫ መመልከትና «ባባባ፣ ዳዳዳ» የመሳሰለ ድምፅ መደጋገም ይጠበቅበታል። ይህ ከሌለ እናቲቱ «ትንሽ ቆይተሽ ተመለሺ» መባል የለባትም፤ ወደ ጆሮ ሐኪም ትላክ። በአሥራ አምስት ወሩ ቀጠሮ የሚጠየቀው ልጁ የሚረዳውንም ይጨምራል። እጅ ሳይቀሰርለት «ኳሱን አምጣ»፣ «አባ የት አለ?» ሲባል ይገባዋል? የሚፈልገውን በጣቱ እያመለከተ ያሳያል? «እማ»፣ «አባ»፣ «ውኃ» ከመሳሰሉት ቃላት ትርጉሙን አውቆ የሚናገረው አለ? በዚህ ዕድሜ ከሚናገረው ይልቅ የሚገባው መብለጡ የተለመደ ነው፤ ስለዚህ የሚገባው ነገር መጥፋቱ ቃላት ከማነሱ የበለጠ ያሳስበኛል።

ከአሥራ አምስት ወር በኋላ ክትባት ስለሚቀር ብዙ ልጆች ከጤና ጣቢያው ዓይን ይርቃሉ። ሆኖም ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ላሉ ሕፃናት በየስድስት ወሩ የቫይታሚን ኤ እደላ አለ፤ ከሁለት ዓመት ጀምሮ የሆድ ትላትል መድኃኒትም ይጨመርበታል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ዓመት በዚህ እደላ ሊሸፈን ይችላል። ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ «አባ መጣ»፣ «ውኃ ስጪኝ» እያለ ቃላት ማገናኘት ይጀምራል፤ ሦስት ዓመት የሞላው ደግሞ በአጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ይናገራል፣ የቤት ሰው ያልሆነ እንግዳም አብዛኛውን ንግግሩን ይረዳዋል። የሦስት ዓመት ልጅ «ራ»ን «ላ» ቢል አያስጨንቅም። በየትኛውም ዕድሜ ግን ልጅ የሚያውቃቸውን ቃላት መናገር ካቆመ፣ ያለ ቀጠሮ በፍጥነት ሊታይ ይገባዋል።

እዚህ ላይ ባለሙያዎቻችንን የማሳስበው አንድ ነገር አለ። የውጭ መመዘኛዎችን ስንወስድ በቀጥታ መገልበጥ የለብንም። በአማርኛ ግሥ ባለቤቱንና ተሳቢውን በውስጡ ይዞ ይመጣል፤ «ስጪኝ» ያለ ሕፃን በሌላ ቋንቋ ሁለት ሦስት ቃል የሚጠይቀውን ሐሳብ ተናግሯል፤ እናቱን «ስጪኝ» አባቱን «ስጠኝ» የሚል ከሆነ ደግሞ ሰዋስዉን መያዙን አሳይቷል። ስለዚህ ለአማርኛ፣ ለአፋን ኦሮሞ፣ ለትግርኛ፣ ለሶማሊኛና ለሌሎቹም ቋንቋዎቻችን በየራሳቸው ልጆች ላይ የተሞከሩ ጥያቄዎች ያስፈልጉናል። ይህ የዩኒቨርሲቲዎቻችን የቋንቋና የሕክምና ክፍሎች በጋራ ሊሠሩት የሚገባ ሥራ ነው።

ቤት ውስጥ ሊደረግ የሚችል ሙከራም አለ። ስድስት ወር ያለፈው ሕፃን ጠግቦ፣ ነቅቶ፣ በእናቱ ጭን ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ ሌላ ሰው ከኋላው አንድ ክንድ ያህል ርቆ፣ ጥላው ሳይታይ፣ በተራ የቤት ድምፅ በስሙ ይጥራው፤ ቆይቶም በማንኪያ ስኒ ቀስ አድርጎ ያቃጭል፤ በቀኝም በግራም ይሞክር። ማጨብጨብ አይጠቅምም፤ ነፋሱ ቆዳውን ስለሚነካው ሳይሰማም ሊዞር ይችላል። ይህ ሙከራ የሐኪም ምርመራን አይተካም፤ ልጁ ዞሮ ማየቱም በከፊል የማይሰማ ላለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም። ወላጅ ጥርጣሬ ካለው ሙከራው ደኅና ሆኖም ይመርመር። የእናት ጥርጣሬ በራሱ ለመላክ በቂ ምክንያት ተደርጎ ሊወሰድ ይገባል።

ከሌሎች በበለጠ ክትትል የሚሹ ሕፃናት መኖራቸውንም ሳልጠቅስ አላልፍም። ያለ ጊዜያቸው ወይም እጅግ አነስተኛ ክብደት ይዘው የተወለዱ፣ ሲወለዱ የታፈኑ፣ ሰውነታቸው ክፉኛ ቢጫ የሆነ፣ ላንቃቸው የተሰነጠቀ፣ በጽኑ ሕሙማን ክፍል የቆዩ አራሶች በዚህ ውስጥ ይገባሉ። በአራስነት ለሚመጣ ከባድ ኢንፌክሽን የሚሰጠው ጄንታማይሲን የብዙ ሕፃናትን ሕይወት ያተረፈ መድኃኒት ነው፤ የውስጠኛውን ጆሮ ሊጎዳ ስለሚችል ግን የተሰጠው ልጅ በካርዱ ላይ ምልክት ተደርጎለት መስማቱ ሊከታተልለት ይገባል። ማንም ወላጅ ይህን አንብቦ መድኃኒቱን እንዳይከለክል አደራ እላለሁ። ክፉኛ ቢጫ ሆኖ የነበረ ሕፃን ደግሞ የውስጠኛው ጆሮው እየሠራ ነርቩ ሊጎዳ ስለሚችል፣ በጆሮ ቀዳዳ በሚደረገው ቀላል መሣሪያ ብቻ «ደኅና ነው» ሊባል አይገባም፤ በራስ ቆዳ ላይ በሚለጠፉ ሽቦዎች የነርቩ ምላሽ መለካት አለበት። አገራችን በአፍሪካ የማጅራት ገትር ቀጠና ምሥራቃዊ ጫፍ ላይ ትገኛለች። ከማጅራት ገትር የተረፈ ልጅ የውስጠኛው ጆሮው በሳምንታት ውስጥ ወደ አጥንትነት መለወጥ ሊጀምር ስለሚችል፣ ከሆስፒታል ሳይወጣ ወይም ቢዘገይ በአራት ሳምንት ውስጥ ሊመረመር ይገባዋል። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2007 የተጀመረው አምስቱን በሽታዎች የሚከላከለው ክትባት፣ በ2011 የተጀመረው የኒሞኮካል (የሳንባ ምችና የማጅራት ገትር አምጪ ባክቴሪያ) ክትባትና የኩፍኙ ክትባት ጆሮንም የሚጠብቁ ናቸው። የዓለም የጤና ድርጅት በልጆች ላይ ከሚደርሰው የመስማት ጉዳት 60 በመቶ የሚጠጋው ሊከላከሉት ከሚቻል ምክንያት እንደሚመጣ ገልጿል።

ጆሮው የሚመግል ልጅ «ያድጋል፣ ይተወዋል» ተብሎ መተው የለበትም። ዘይት፣ የጡት ወተት ወይም የቅጠል ጭማቂ ማንጠባጠብ ጉዳቱን ያብሳል፤ ጤና ጣቢያ ሕክምናው አለ።

«ሪፈር ብንጽፍስ የት ሊመረመሩ ነው?» የሚል ጥያቄ ከሥራ ባልደረቦቼ ይነሣል፤ ተገቢም ጥያቄ ነው። የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪሞች በጥቁር አንበሳ፣ በቅዱስ ጳውሎስና በሌሎች ትልልቅ ሆስፒታሎች ተሰባስበው ይገኛሉ፤ የመስማት ምርመራና የንግግር ሕክምና ባለሙያዎች ደግሞ እጅግ ጥቂቶች ናቸው። ይሁን እንጂ ለመጠየቅ የምንሰንፍበት ምክንያት ይህ ሊሆን አይገባም። ከሚላኩት ልጆች የአንዳንዶቹ ችግር የጆሮ ኩክ፣ መግል ወይም ከታምቡሩ ጀርባ የተጠራቀመ ፈሳሽ ሆኖ ይገኛልና በቅርብ ይታከማል። ችግሩ የማይድን ዓይነት ሆኖ ሲገኝም፣ ቤተሰቡ ማወቁ ብቻ የልጁን ሕይወት ይለውጠዋል፤ ፊት ለፊት ቀርበው፣ በብርሃን፣ በእጅ ምልክት ጭምር ማናገር ይጀምራሉ። የመስሚያ መሣሪያ ጥቂት ወራት ዕድሜ ላለው ሕፃንም ይገጠማል፤ «ገና ሕፃን ነው» የሚባልበት አይደለም። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋም ሙሉ ቋንቋ ነው፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ሙያ በዲግሪ የተመረቁ ልጆች አሉን። እነርሱ ትምህርት ቤት ብቻ ሳይሆን የጨቅላ ወላጆችን በሚያስተምሩበት ሥራ ቢሰማሩ፣ መስማት የተሳነው ልጅ አንድም ቋንቋ ሳይኖረው አንደኛ ክፍል ከመግባት ይድናል። ጆሮው ጤነኛ ሆኖ የማይናገር፣ ሲጠሩት የማያይ፣ በጣቱም የማያመለክት ልጅ ደግሞ ለኦቲዝም ሊታይ ይገባዋል። በአዲስ አበባ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 የመሠረቱት የጆይ ኦቲዝም ማዕከል የወላጆችን ዓይን እንደከፈተ ሁሉ፣ ለጆሮም እንዲህ ያለ የሕዝብ ንቅናቄ ያስፈልገናል።

በውጭ አገር የሚኖሩ ዘመዶቻችን ልጃቸው ሲዘገይ «አማርኛውን ተዉት» እንደሚባሉ ይነግሩኛል። ሁለት ቋንቋ መስማት የንግግር ችግር አያመጣም፤ ልጁ የሚያውቃቸው ቃላት ሲቆጠሩ የሁለቱም ቋንቋ ተደምሮ ነው። አዲስ አበባ ውስጥም አያት በኦሮምኛ እናት በአማርኛ ቢያናግሩት ጥቅም እንጂ ጉዳት የለውም። የሚጎዳው ማንም ሳያናግረው በስልክ መስኮት ፊት ተቀምጦ መዋሉ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ሁለት ዓመት ላልሞላው ልጅ ስክሪን አይመክርም፤ ከዚያ በላይ እስከ አራት ዓመት ላለው በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል።

ጤና ሚኒስቴርን የምጠይቀው፣ የዘጠኝና የአሥራ አምስት ወር ጥያቄዎች በክትባት ካርዱ ላይ ታትመው እንዲሞሉ፣ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ቤት ለቤት የሚደርሱት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም በአጭር ሥልጠና እንዲለምዷቸው፣ የአራስ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ያላቸው ሆስፒታሎችም ቢያንስ ከዚያ ክፍል የሚወጡትን ሕፃናት በመሣሪያ እንዲመረምሩ ነው። ከጋዜጣችሁ የምጠብቀው ደግሞ ጥያቄዎቹን በጤና ዓምዳችሁ፣ ተቆርጦ ሊያዝ በሚችል መጠን፣ በየጊዜው እንድታወጡልን ነው፤ የሚጠይቃት ባለሙያ ያላገኘች እናት ወረቀቱን ይዛ መጥታ እርሷ ትጠይቀን።

ከአክብሮት ጋር

የእናቶችና ሕፃናት ክፍል ነርስ፣ አዲስ አበባ